ሙቀት እንቅስቃሴ ነው ያሉ ሰዎች

በ1738 በስትራስቡርግ ከተማ «ሃይድሮዳይናሚካ» የተሰኘ የላቲን መጽሐፍ ታተመ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው ዳንኤል በርኑሊ የስዊዘርላንድ የሒሳብ ሊቅ ነው። መጽሐፉ በአመዛኙ የሚያወራው ስለ ውሃ ፍሰት ነው፤ አሥረኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ግን ደራሲው ፊቱን ወደ አየር ያዞራል። አንባቢው አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ ይጠይቀዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ አየር አለ፤ አፉ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ክዳን ገጥሟል፤ ክዳኑ ላይ ክብደት ተጭኗል። ታዲያ ይህን ክብደት የተሸከመው ምንድን ነው?

የበርኑሊ መልስ ይህ ነበር፦ አየር በየአቅጣጫው በከፍተኛ ፍጥነት የሚወረወሩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ስብስብ ነው፤ ክዳኑን ደግፎ የያዘው የእነሱ የማያቋርጥ ምት ነው። ቦታው ሲጠብ ምቱ ይደጋገማል፣ ግፊቱ ይጨምራል። አየሩ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይፈጥናሉ። ፍጥነታቸው እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ እንደሚሆንም በስሌት አሳየ።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ስለ ጋዝ የሚሰጠው ትምህርት ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። በዘመኑ ግን ሰሚ አላገኘም። የዚያን ጊዜ ሊቃውንት የአየር ቅንጣቶች ባሉበት ሆነው እርስ በርስ የሚገፋፉ ይመስላቸው ነበር፤ ሙቀትን ደግሞ ራሱን እንደቻለ አንድ ረቂቅ ፈሳሽ ይቆጥሩት ነበር። የበርኑሊ ገጾች መቶ ዓመት ያህል ተረስተው ቆዩ።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የመጣው ከበረዶ ነው። በ1761 ገደማ በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሐኪም ጆሴፍ ብላክ አንድ ነገር ዕረፍት ነሳው። በረዶ መቅለጫው ላይ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ሙቀት ቢጨመርበት ወዲያውኑ ውሃ ይሆናል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ አለ ብላክ፣ በተራራ ላይ የተከመረው በረዶ ክረምቱ አልፎ አየሩ ሞቅ ሲል በአንድ ጊዜ ቀልጦ አገር ያጥለቀልቅ ነበር። እንዲህ ሲሆን ግን ማንም አላየም፤ በረዶ የሚቀልጠው ቀስ እያለ፣ ሳምንታት እየፈጀ ነው።

ብላክ ነገሩን ለመለካት መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት ስስ የብርጭቆ ዕቃዎች አዘጋጀ። በሁለቱም እኩል ውሃ ጨመረ። የአንደኛውን ውሃ በረዶ አደረገው፤ የሌላኛውን ውሃ ሳይረጋ እስከ 33 ዲግሪ ፋራናይት ብቻ አቀዘቀዘው፣ ማለትም በረዶ ሊሆን አንድ ዲግሪ ሲቀረው ተወው። ከዚያ ሁለቱንም ሰው በሌለበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንጠለጠላቸው። የአዳራሹ አየር 47 ዲግሪ ፋራናይት፣ ወደ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ውሃው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ33 ወደ 40 ዲግሪ ወጣ። በረዶው ቀልጦ እዚያው 40 ዲግሪ ላይ እስኪደርስ ድረስ አሥር ሰዓት ተኩል ፈጀ። አየሩ አንድ ነው፣ አዳራሹ አንድ ነው፣ በረዶው ግን የውሃውን 21 እጥፍ ጊዜ ወሰደ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ሙቀት ከአየሩ ወደ በረዶው ሲገባ ቴርሞሜትሩ አላየውም።

ብላክ ይህን ሙቀት «ስውር ሙቀት» አለው። በዛሬ መለኪያ አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 80 ካሎሪ ያስፈልጋል፤ ይኸው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል። የፈላን ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ ለአንድ ግራም 540 ካሎሪ ያህል ይጠይቃል። ጄምስ ዋት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ሠራተኛ ነበርና ስለ እንፋሎት ያጋጠመውን እንቆቅልሽ የፈታለት ብላክ ነው። ስውሩ ሙቀት የት እንደሚገባ ግን ብላክም አላወቀም። ለካ፤ ልኩም ትክክል ነበር፤ ትርጉሙ ገና መቶ ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

በመካከሉ ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዝዬ በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ ሙቀትን «ካሎሪክ» በሚል ስም ከንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ላቯዝዬ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1794 አንገቱ ተቀላ፤ ካሎሪክ ግን ከእሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ።

ካሎሪክን መጀመሪያ በብርቱ የተገዳደረው የመድፍ ፋብሪካ ነው ማለት ይቻላል። ቤንጃሚን ቶምፕሰን አሜሪካ ተወልዶ፣ በባቫሪያ መንግሥት አገልግሎት ካውንት ራምፎርድ የተባለ ሰው ነው። በሙኒክ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የነሐስ መድፍ ሲቦረቦር ሲመለከት የመድፉ ግለት አስገረመው። ሆን ብሎ የደነዘዘ መሰርሰሪያ አስገጠመ፣ መድፉን በውሃ በተሞላ ሣጥን ውስጥ አደረገ፣ መሣሪያውን በፈረስ ጉልበት አስዞረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ውሃው ፈላ። እሳት ሳይነድ ያን ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈላ ያዩ ሰዎች በአድናቆት ተሞሉ። ራምፎርድ በ1798 ለለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ፈረሱ እስከዞረ ድረስ ሙቀቱ አያልቅም፤ የማያልቅ ነገር ደግሞ ቁስ ሊሆን አይችልም፤ እንቅስቃሴ ነው እንጂ አለ። በ1805 የላቯዝዬን ባልቴት አገባ፤ ትዳሩ ግን አልሰመረም።

ሌላ ፍንጭ ደግሞ ካልተጠበቀ ቦታ መጣ። በ1827 የበጋ ወራት ለንደን ላይ ሮበርት ብራውን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በማይክሮስኮፕ አንድ ነገር አየ። (ብራውን ለእኛ አገር ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም፤ ሄንሪ ሶልት በ1814 ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለውን የዕፅዋት ዝርዝር ያዘጋጀው እሱ ነው።) ከአበባ ብናኝ ውስጥ የወጡ ጥቃቅን ፍሬዎች ውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣሉ። መጀመሪያ ሕይወት ያላቸው መሰለው። መቶ ዓመት ደርቆ የተቀመጠ ተክል ሞከረ፤ ያውም ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆ ፈጨ፣ ድንጋይ ፈጨ፣ ብረት ፈጨ፣ ከግብፁ ስፊንክስ የተፈረፈረ ስባሪ ሳይቀር ፈጨ። ዱቄቱ ሁሉ ውሃ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ብራውን ምክንያቱን አልተናገረም። ሕይወት አለመሆኑን ግን አረጋገጠ፣ ቆም አለ፣ ያየውን በታማኝነት ጻፈ። ከብዙ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ትዕግሥት ሳይንስን እንደሚጠቅም አምናለሁ።

በ1840ዎቹ የማንቸስተሩ ጠማቂ ልጅ ጄምስ ጁል የሚወርድ ክብደት የውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እንዲያዞር አድርጎ የውሃውን መሞቅ ለካ። አንድ ኪሎ ክብደት ከ424 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚያሞቅ አሰላ። ሙቀትና ሥራ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ሆኑ።

በዚሁ ጊዜ ቦምቤይ ውስጥ የባሕር ኃይል ሠልጣኞችን የሚያስተምር ጆን ጄምስ ዋተርስተን የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ ከሊቃውንት ማኅበር ርቆ፣ ብቻውን ያስላ ነበር። በ1845 መጨረሻ ላይ ስሌቱን ለንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ላከ። የጋዝ የሙቀት መጠን የቅንጣቶቹ የእንቅስቃሴ ጉልበት ልክ እንደሆነ፣ ሁለት ጋዞች ሲደባለቁም ቀላሉ ቅንጣት እየፈጠነ፣ ከባዱ እየዘገየ አማካይ ጉልበታቸው እንደሚስተካከል ጽፎ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ጽሑፉን ለማኅበሩ ለመነበብ እንኳ የማይበቃ እርባና ቢስ ነገር ነው አለው። አጭር ፍሬ ሐሳቡ ብቻ ታተመ። በማኅበሩ ደንብ የቀረበ ጽሑፍ ለባለቤቱ አይመለስም ነበርና ዋተርስተን ሌላ ቅጂ ሳይኖረው ቀረ። በ1883 ሰኔ ወር ኤዲንብራ ከሚገኘው ቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረው ሎርድ ሬይሊ ወረቀቱን ከመዝገብ ቤት አገኘውና በ1892 አሳተመው። ሬይሊ በመቅድሙ ላይ፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው ደፋር ሐሳቡን በሌላ መንገድ ቢያወጣ ይሻለዋል የሚል ምክር ሰጥቷል። ይህን ምክር አልቀበለውም። ዋተርስተን ማድረግ የሚገባውን አድርጓል፤ ጥፋቱ የፈረደበት ወገን ነው።

ዓለም ነገሩን የተቀበለው ከሌላ ሰው ነው። በ1857 በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊ ሩዶልፍ ክላውዚዩስ ሙቀት የምንለው እንቅስቃሴ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያብራራ ጽሑፍ አወጣ። ጠጣርን፣ ፈሳሽንና ጋዝን በቅንጣቶቻቸው አኳኋን ለይቶ ያስቀመጠው ይህ ጽሑፍ ነው። በጠጣር ውስጥ፣ አለ ክላውዚዩስ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱ ስፍራ አለው፤ ጎረቤቶቹ ስለሚስቡት ከስፍራው ሳይለቅ ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል። በፈሳሽ ውስጥ ቋሚ ስፍራ የሚባል ነገር የለም። ቅንጣቱ ከአንዱ ጎረቤት ተላቆ ወደ ሌላው ይጠጋል፤ ከሁሉም ተላቆ መሄድ ግን አይችልም። በጋዝ ውስጥ ከጎረቤት መሳሳብ ክልል ወጥቷል፤ ከሌላ ቅንጣት ወይም ከዕቃው ግድግዳ ጋር እስኪጋጭ ድረስ በቀጥታ መስመር ይሮጣል።

በዚህ ዓይን ሲታይ የብላክ አዳራሽ እንቆቅልሽ ተፈታ። በረዶው ውስጥ ሲገባ የዋለው ሙቀት ቅንጣቶቹን አላፈጠነም፤ ከያዛቸው መሳሳብ ማላቀቂያ ሆኖ አለቀ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል፤ የበረዶ ቅንጣት ከውሃ ቅንጣት የግድ የዘገየ ይመስለዋል። ሁለቱም ዜሮ ዲግሪ ላይ እስካሉ ድረስ፣ በክላውዚዩስ ስሌት፣ አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው እኩል ነው። ልዩነቱ ያለው በመሳሳቡ ውስጥ በተቀመጠው ጉልበት ላይ ነው። እንፋሎት ከፈላ ውሃ የከፋ ቃጠሎ የሚያደርሰውም ለዚህ ነው፤ ቆዳ ላይ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ለመላቀቅ የወሰደውን 540 ካሎሪ እዚያው ይተዋል።

ክላውዚዩስ ትነትንም አስረዳ። የቅንጣቶች ፍጥነት አንድ ወጥ አይደለም፤ ከፈሳሹ ገጽ አጠገብ በአጋጣሚ እጅግ የፈጠነው ተላቆ ያመልጣል። ፈጣኖቹ ሲሄዱ የቀሪዎቹ አማካይ ጉልበት ይቀንሳል፤ ላብ ሲደርቅ ሰውነት የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው። የሚያመልጡት ቅንጣቶች ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ፈሳሹ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ሥጋ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚቆየው ውሃው ባለመፍላቱ ሳይሆን ቀድሞ በመፍላቱ ነው።

ክላውዚዩስ ፍጥነቱንም አሰላ። ውሃ በረዶ በሚሆንበት የሙቀት መጠን የኦክስጅን ቅንጣት በሰከንድ 461 ሜትር፣ የናይትሮጅን 492፣ የሃይድሮጅን 1,844 ሜትር ይሮጣል። ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት ወዲያው ተቃወመ፦ እንዲህ ከሆነ የክፍል ማዶ ሽታ ለምን በቅጽበት አይደርሰንም? የትምባሆ ጭስስ ለምን አንድ ቦታ ተንጠልጥሎ ይቆያል? ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ክላውዚዩስም በ1858 በጥሩ መልስ መለሰለት። ቅንጣቱ ሩጫው ፈጣን ቢሆንም በበዓል ዋዜማ መርካቶን ለማቋረጥ እንደሚጣደፍ ሰው በየእርምጃው ይጋጫል፤ አቅጣጫው ይለወጣል፤ ብዙ ሮጦ ጥቂት ይርቃል። ዛሬ እንደምናውቀው በባሕር ወለል ላይ አንድ የአየር ቅንጣት ከግጭት እስከ ግጭት የሚሄደው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥር ሺህኛ ያንሳል፤ በአንድ ሰከንድም ብዙ ቢሊዮን ጊዜ ይጋጫል።

የክላውዚዩስን ጽሑፍ ካነበቡት አንዱ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነበር። በ1859 ከቅንጣቶቹ ስንቱ ዝግተኛ፣ ስንቱ መካከለኛ፣ ስንቱ ፈጣን እንደሚሆን የሚሰጥ ቀመር አወጣ። ከስሌቱ አንድ የማይታመን ነገር ወጣ፦ አየር ቢሳሳም ቢጠቀጠቅም በውስጡ የሚንቀሳቀስን ነገር የመያዝ አቅሙ አይለወጥም። ማክስዌል ራሱ ተጠራጠረ። ለንደን ከሚገኘው ቤቱ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ውስጥ ከባለቤቱ ከካትሪን ጋር ሞከሩት፤ የክፍሏ ሙቀት እንዳይዋዥቅ እሳቱን የምትቆጣጠረው እሷ ነበረች። ስሌቱ እውነት ሆኖ ተገኘ።

በፈሳሽና በጋዝ መካከል ያለው ወሰንም ተመረመረ። ቤልፋስት ውስጥ ቶማስ አንድሩስ በ1869 እንዳሳየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ በምንም ዓይነት ግፊት ቢጨመቅ ወደ ፈሳሽ ተለይቶ አይወርድም፤ ፈሳሹንና ጋዙን የሚለየው ገጽ ይጠፋል። ከዚያ በላይ የቅንጣቶቹ ሩጫ መሳሳባቸውን ሁልጊዜ ያሸንፋል። በ1873 የላይደኑ ዮሐንስ ቫን ዴር ቫልስ፣ የአናጢ ልጅና የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው፣ ቅንጣቶች መጠንም መሳሳብም እንዳላቸው ቆጥሮ ጋዝንም ፈሳሽንም በአንድ ቀመር አስገባቸው።

ይህም ሁሉ ሆኖ በርካታ ታላላቅ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ቅንጣት ወይም አቶም የሚባል ነገር መኖሩን አልተቀበሉም። ቪየና ላይ ኤርንስት ማክ የማይታይ ነገር ሳይንስ ውስጥ ቦታ የለውም ይል ነበር። የቅንጣቶችን ሐሳብ ዕድሜውን ሙሉ የተከላከለው ሉድቪግ ቦልትስማን ለብዙ ጊዜ በመንፈስ ጭንቀት ሲሠቃይ ቆይቶ በ1906 መስከረም ወር ዱዊኖ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ በገዛ እጁ ሕይወቱ አለፈ። ማስረጃው በዚያ ሰዓት በመንገድ ላይ ነበር።

ከአንድ ዓመት በፊት በበርን የፓተንት ቢሮ ሠራተኛ የነበረው አልበርት አይንስታይን የብራውንን መንቀጥቀጥ በስሌት ተንብዮ ነበር፤ የውሃ ቅንጣቶች ከየአቅጣጫው እየደበደቡት፣ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ስፋት ያለው ፍሬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከተነሣበት በአማካይ የስፋቱን ስድስት እጥፍ ያህል ይርቃል አለ። ይህን የፈተነው ፓሪስ ላይ ዣን ፔሬን ነው። ከእስያ ዛፍ የሚገኝ ጋምቦጅ የሚባል ቢጫ ሙጫ ውሃ ውስጥ አሽቶ፣ በሚሽከረከር መሣሪያ ደጋግሞ እየለየ፣ ከአንድ ኪሎ ሙጫ ከወራት ሥራ በኋላ መጠናቸው እኩል የሆነ ጥቂት የግራም ክፍልፋይ ፍሬዎች አገኘ። እነዚህን በማይክሮስኮፕ ሥር በተለያየ ከፍታ ቆጠራቸው፤ በአንዱ ሙከራ 13,000 ያህል ፍሬ ቆጥሯል። ታች 100 ፍሬ ካለ፣ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛን 30 እጥፍ ያህል ከፍ ሲል 47፣ ደግሞ ያን ያህል ከፍ ሲል 23፣ ደግሞም 12 ሆነ። ተራራ ሲወጣ አየር እንደሚሳሳው ሁሉ የሙጫው ፍሬም በዚያው ሕግ ይሳሳል። ከዚህ ተነሥቶ የውሃ ቅንጣቶችን ብዛት አሰላ። በ18 ግራም ውሃ ውስጥ ዛሬ የምናውቀው ቁጥር 602 ቢሊዮን ትሪሊዮን ነው፤ የፔሬን ቁጥር ከዚህ ብዙም አልራቀም። አቶምን ሲክድ የኖረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ በ1909 ተሳስቻለሁ ብሎ ጻፈ።

ጠጣር ነገር ግን የራሱ ምሥጢር ነበረው። በ1819 ዱሎንግና ፐቲ የተባሉ ፈረንሳውያን ብዙ ጠጣሮች በአቶም ልክ ሲሰላ ለመሞቅ የሚፈልጉት ሙቀት እኩል እንደሆነ አግኝተዋል፤ አልማዝ ግን በክፍል ሙቀት የሕጉን ሩብ ያህል ብቻ ይወስዳል። በ1907 አይንስታይን የቀድሞ መምህሩ የሃይንሪሽ ቬበርን ልኬት ይዞ መልሱን ሰጠ፦ የአቶም ርግብግቢት ጉልበቱን የሚቀበለው በተወሰነ መጠን እየተቆረጠ ነው፤ አልማዝ ውስጥ ትስስሩ ጠንካራ፣ ርግብግቢቱም ፈጣን ስለሆነ ቁራሹ ትልቅ ነው፣ የክፍል ሙቀትም ይህን ቁራሽ ለመስጠት አይበቃም።

ሙቀቱን እየወሰድን ብንሄድ ሁሉም ነገር መጨረሻው ጠጣር መሆን ይመስል ነበር። በ1908 ሐምሌ 10 ላይደን ውስጥ ሃይኬ ካመርሊንግ ኦንስ ሂሊየምን በ269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፈሳሽ አደረገው። ከዚያም በ1922 ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወሰን፣ አንድ ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ አደረሰው፤ ሂሊየሙ ግን ፈሳሽነቱን አልተወም። ኦንስ በ1926 የካቲት ወር ሞተ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ተማሪውና ተተኪው ቪለም ኬሶም በዚያው ቤተ ሙከራ ሂሊየምን በግፊት ጨምቆ ጠጣር አደረገው። የሂሊየም አቶሞች በጣም ቀላል ናቸው፣ መሳሳባቸውም ደካማ ነው፤ ሙቀት ሁሉ ቢወሰድ እንኳ የማይወሰድ እንቅስቃሴ ይቀርላቸዋል። ከ25 እጥፍ የከባቢ አየር ግፊት በታች ሂሊየም እስከ ፍጹም ዜሮ ድረስ ቢቀዘቅዝ አይረጋም።